ክሪክ ስትገዙ ቶኑን ብቻ አትጠይቁ

ክሪክ መግዛት የፈለገ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከቶን ነው። «ጋሼ፣ ባለ ሁለት ይሻለኛል ባለ ሦስት?» ይለኛል። እኔም መልሼ «መኪናህን የምታቆመው ምን ላይ ነው?» እለዋለሁ። ሊሾ ላይ? ኮብልስቶን ላይ? አስፋልት ላይ? ወይስ ክረምት ሲመጣ ጭቃ በሚሆነው የኮንዶሚኒየም ግቢ? አብዛኛው ሰው ጥያቄውን ለመሸሽ ያመጣሁት ይመስለዋል። ጋራዥ በሠራሁባቸው ዓመታትም ሆነ አሁን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የጎረቤት መኪና ስነካካ ያየሁት ግን አንድ ነው። ከክሪክ ላይ የወደቀ መኪና የወደቀው ክሪኩ ክብደቱ ስላቃተው አይደለም። ወይ መሬቱ ከድቶታል፣ ወይ መኪናውን የሚነካው የክሪኩ ሳህን የማይሆን ቦታ ላይ አርፏል፣ ወይ ባለቤቱ ክሪኩን ብቻ አምኖ ሥር ገብቷል።

የማወራው ስለ የትኛው ክሪክ እንደሆነ ልለይ። ከመኪናው ጋር የሚመጣው፣ በእጅ የሚጠመዘዘው ክሪክ ጎማው ተንፍሶ መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ነው። የኢሱዙ ሾፌሮች የሚይዙት፣ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሃይድሮሊክ ደግሞ ጉልበቱ ብዙ ነው፤ እግሩ ግን ጠባብ ነው፣ ዝቅ ያለ የቤት መኪና ሥርም አይገባም። ቤቱ ሆኖ የፍሬን ሸራ ለሚቀይር፣ ጎማ ለሚያቀያይር፣ ዘይት ለሚያፈስ ሰው የሚሆነው ረዘም ያለው፣ ከሥሩ አራት ትንንሽ ጎማ ያለው፣ በረጅም ዘንግ ፓምፕ የሚደረገው ነው።

ውስጡ የሚመስለውን ያህል አይወሳሰብም። ዘንጉን ዝቅ ባደረጋችሁ ቁጥር አንዲት ቀጭን ፒስተን ዘይት ገፍታ ወደ ትልቁ ሲሊንደር ትልካለች። ቀጭኗ 12 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ 48 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖራቸው የትልቁ ፊት በስፋት 16 እጥፍ ስለሆነ ጉልበቱም 16 እጥፍ ይሆናል። የዘንጉ ርዝመት የሚጨምረው ሲታከልበት አንድ ሰው በአንድ እጁ መኪና ያነሳል። ዋጋው ደጋግሞ ፓምፕ ማድረግ ነው። ያ ሁሉ ዘይት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዙት ግን የምስር ፍሬ የሚያካክሉ የብረት ኳሶችና ጥቂት የላስቲክ ቀለበቶች ናቸው። ኳሷና መቀመጫዋ መሃል አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባች 3 ቶን ተብሎ የተጻፈበት ክሪክ ቪትዝ ይዞ መቆም ያቅተዋል። ከታች ስለ ዘይትና ስለ ንጽሕና የምነዘንዘው ለዚህ ነው።

ስንት ቶን?

ቶኑን ቶሎ እንለፈው። ሻጩ የሚያወራውን ያህል ከባድ ጥያቄ አይደለም። አንድ ቪትዝ ወደ 1,000 ኪሎ፣ ኮሮላ ደግሞ እንደ ዓመቱ ከ1,000 እስከ 1,300 ኪሎ ነው። ክሪክ መኪናውን ሙሉ በሙሉ አያነሳም፤ ወይ ፊቱን፣ ወይ ኋላውን፣ ወይ አንድ ጥጉን ነው የሚያነሳው። ሞተሩ ፊት የሆነ መኪና ከክብደቱ 60 ከመቶ አካባቢው ፊት ላይ ያርፋል። ስለዚህ የቪትዝን ፊት ስታነሱ ክሪኩ ላይ የሚያርፈው 600 ኪሎ ገደማ ነው። ባለ 2 ቶን ከበቂ በላይ ነው። እኔ የምመክረው ቀላል ልክ፣ ክሪኩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከመኪናው ሙሉ ክብደት በታች አይሁን የሚል ነው። እንዲህ ከሆነ ክሪኩ መቼም አቅሙ ጫፍ ላይ አይሠራም። ለሃይሉክስ፣ ለላንድክሩዘር፣ ለሃይሩፍ ሚኒባስ ባለ 3 ቶን ግዙ።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ለብቻ ስሙኝ። በፈረንጆቹ 2024 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ በየግቢው የሚቆመው መኪና ተቀይሯል። መጠኑ የቤት መኪና ይመስላል፤ ክብደቱ ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ላይ በብዛት የምናየው የቮልስዋገኑ አይዲ ፎር ባዶውን ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። ለኮሮላ የገዛችሁትን ትንሽ ክሪክ እሱ ሥር አታስገቡ። ከክብደቱ ይበልጥ የሚያሰጋው ደግሞ ባትሪው ወለሉን ሙሉ ተነጥፎ መቀመጡ ነው። ሳህኑን ከሥር መሃል ላይ ካሳረፋችሁ የምትጫኑት የባትሪውን ሽፋን ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የሚነሳው በጎንና ጎን፣ ከበሮቹ ሥር ፋብሪካው ምልክት ባደረገባቸው አራት ቦታዎች ብቻ ነው፤ ሳህኑ ላይም የግድ ላስቲክ መኖር አለበት።

ቁመት ላይ ነው ሰው የሚሸወደው

ሱቅ ስትሄዱ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ሁለት ነገር ትለካላችሁ፤ ክሪኩ ጨርሶ ሲወርድ ሳህኑ ከመሬት ስንት ሳንቲም እንደሚርቅ፣ ጨርሶ ሲወጣ ደግሞ ስንት እንደሚደርስ። በፕላስቲክ ሻንጣ የሚሸጠው ቀላሉ ባለ 2 ቶን አብዛኛውን ጊዜ ሲወርድ 13 ወይም 14 ሳንቲም፣ ሲወጣ ከ33 እስከ 38 ሳንቲም ነው። ታች ያለው ቁጥር መግባቱን፣ ላይ ያለው ቁጥር መጥቀሙን ይነግራችኋል።

መግባቱን የምትለኩት ደግሞ ጎማው በተነፈሰ መኪና ነው። ሙሉ ጎማ ያለው ቪትዝ ሥር የገባ ክሪክ፣ ጎማው ሲተኛ ደጃፍ ላይ ይቀራል። ዝቅ ያለ መኪና ያለው ሰው ሲወርድ 8 ወይም 9 ሳንቲም የሚሆነውን፣ ዝቅተኛ የሚባለውን ዓይነት ይፈልግ። ከፍ ያስደረጋችሁት መኪና ከሆነ በዚህ በኩል ችግር የለባችሁም፤ ችግሩ ወደ ላይኛው ቁጥር ይዞርባችኋል።

ላይኛው ቁጥር ለምን እንደሚያስቸግር ላስረዳ። መኪናውን ከጎኑ ስታነሱ መጀመሪያ የሚነሳው ገላው ነው፤ ጎማው ሞላው ተዘርግቶ እስኪያልቅ መሬት ላይ ይቆያል። ስለዚህ ከክሪኩ መንገድ ብዙ ሳንቲም ጎማው ንቅንቅ ሳይል ይበላል። ከዚያ በኋላ የተነሳውን መኪና ደግፎ የሚይዘውን የብረት እግር፣ ስታንዱን ልታስገቡ ነው። ትንሹ ስታንድ እንኳ ሲያጥር 27 ወይም 28 ሳንቲም ይቆማል። ሃይሉክስ ላይ 35 ሳንቲም የሚደርስ ክሪክ ሻንሲውን ነክቶ ያበቃል። ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ነው ክሪኩ ላይ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ ጣውላ መደርደር የሚጀምረው። አትጀምሩ። ከፍ ላለ መኪና 46፣ 50 ሳንቲም የሚደርሰውን ባለ 3 ቶን ግዙ። ብረቱ ስለሆነ ከ30 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ አራተኛ ፎቅ የምትኖሩ ከሆነ የት እንደምታስቀምጡት አስቀድማችሁ ከጥበቃው ጋር ተነጋገሩ።

መሬቱ

ወደ መጀመሪያው ጥያቄዬ ልመለስ። ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር፣ የዚህ ክሪክ ሳህን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አይወጣም። ክንዱ ከኋላ ስለታሰረ ቅስት እየሠራ ነው የሚወጣው። ስለዚህ መኪናው ሲነሳ ክሪኩ በጎማዎቹ ጥቂት ሳንቲም መንከባለል አለበት። ጎማዎቹ ጌጥ አይደሉም፤ የማንሳቱ አካል ናቸው። ሊሾ ላይ ይንከባለላል፣ ድምፁንም ትሰማላችሁ። ኮብልስቶን ላይ ግን አንዱ ጎማ በድንጋዮቹ መሃል ይወሸቅና ይቆማል። ክሪኩ መንቀሳቀስ ካልቻለ ሳህኑ ነው የሚንሸራተተው፤ ሳህኑ ከተጣበቀ ደግሞ መኪናው ራሱ ይጎተታል። የመኪናው ጎማ እንዳይንከባለል በታኮ ተይዞ፣ መኪናውም ክሪኩም መሄጃ ሲያጡ ሁሉ ነገር ወደ ጎን ይጋደላል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። 18 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ የወፈረ ኮምፔንሳቶ፣ ከክሪኩ ርዝመት ረዘም፣ ከስፋቱም ሰፋ አድርጋችሁ አስቆርጡ። የማያረጅ ነገር ከፈለጋችሁ 6 ሚሊ ላሜራ 60 በ100 ሳንቲም አስቆርጣችሁ ጠርዙን ዙሪያውን አስሞርዱት፤ ክብደቱ 28 ኪሎ ይሆናል። እሱን አነጥፋችሁ ክሪኩን ላዩ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ለስታንዶቹም እግር እንዲሁ ቁራጭ አዘጋጁ፤ የቀትር ፀሐይ ያሞቀው አስፋልት የስታንድን እግር ቀስ እያለ ይውጣል። ተዳፋት ላይ ግን ላሜራም ኮምፔንሳቶም አይረዳም። ተዳፋት ላይ አይነሳም፤ መኪናውን ውሰዱት። ዝናብ ያራሰው አፈር ላይም እንደዚሁ።

ብሎኬት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከተማችን ውስጥ ብሎኬት የሌለበት ግቢ የለም። ብሎኬት በግድግዳ ውስጥ ክብደት የሚሸከመው ጭነቱ በስፋቱ ሁሉ ላይ እኩል ሲያርፍበት ነው። መኪና ግን አንድ ጠባብ የብረት ጠርዝ ያሳርፍበታል። ውስጡ ክፍት ስለሆነ መሰንጠቁን አስቀድሞ አይነግራችሁም፤ ብረት ይጎብጣል፣ እንጨት ይንጫጫል፣ ብሎኬት ግን በአንዴ ዱቄት ይሆናል። ለታኮም ቢሆን ቁርጥ ሞራሌ ይሻላል። መኪና በብሎኬት አስደግፎ ሥሩ የተኛ ሰው ካያችሁ ሰላምታችሁን ወደ ኋላ አድርጉትና መጀመሪያ ከሥር አስወጡት።

ሱቅ ውስጥ

ሶማሌ ተራም ሂዱ ተክለሃይማኖት፣ ክሪክ ሳይከፈት አትግዙ። ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ለቪትዙ ልንገዛ ሄደን ሻጩ ካርቶኑን በእጁ መታ መታ እያደረገ «ወንድሜ፣ ይሄ ሲኖትራክ ያነሳል!» አለው። ልጁ ፈገግ ብሎ ወደ እኔ አየ። «እስቲ መጀመሪያ ራሱን ያንሳ» አልኩና አስከፈትኩት። ዘንጉን ሰካሁ፣ መልቀቂያ ቫልቩን ወደ ቀኝ አጥብቄ ዘጋሁ፣ እስከ መጨረሻው ፓምፕ አደረግኩት። ባዶ ክሪክ ገና ከመጀመሪያው ምት ጀምሮ ክንዱ በእኩል መጠን መውጣት አለበት፤ ዘንጉ ላላ ብሎ ወርዶ ክንዱ የማይንቀሳቀስበት ምት ካለ ውስጡ አየር አለ ማለት ነው። አየር ብቻውን ክሪኩን አያስጥልም፣ በጉዞ የሚገባ ነገር ነው፣ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ግን ሳህኑ ላይ በእግሬ ቆምኩበት። በሰው ክብደት የሚወርድ ክሪክ ካያችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ያኛው አልወረደም።

ቀጥሎ ገልብጡት። ብየዳውን እዩ፤ መስመሩ ተከታታይ ነው ወይስ እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ ብቻ? ክንዱን ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ ወዝውዙት፤ ትንሽ መላወስ አለ፣ መንገዳገድ ግን የለም። አራቱም ጎማ መሬት ይንኩ። ኋለኞቹ ሁለቱ በራሳቸው ዙሪያ ይዞሩ። ዘንጉ ሁለት ቁራጭ ከሆነ መገጣጠሚያው እንዳይላላ እዩ፤ ምክንያቱም መኪናውን የምታወርዱት እሱን በማዞር ነው፣ የላላ ዘንግ ደግሞ ቫልቩን ቀስ ብሎ ለመክፈት አያስችልም። ሳህኑ ላይ ላስቲክ ከሌለ አትጨነቁ፤ ጎሚስታ ቤት ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ ይሰጣችኋል።

ያገለገለ ክሪክስ? ምናለሽ ተራ ጥሩ አሮጌ ክሪክ አይጠፋም፤ የድሮዎቹ ብረታቸው ወፍራም ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን እጠራጠራለሁ። ክንዱን አንስታችሁ ከሥር የሚወጣውን የሚያብረቀርቅ ዘንግ ፈልጉ። በጥፍራችሁ ከላይ ወደ ታች ዳብሱት። ጥፍራችሁን የሚይዝ የዝገት ጉድጓድ ካለ ያ ጉድጓድ በወጣ በወረደ ቁጥር የላስቲኩን ከንፈር ይበላዋል፤ ዛሬ ላስቲክ ብትቀይሩ ነገ ያፈሳል። ለሱ የሚሆን ላስቲክ እንኳ ይገኛል ወይ ብላችሁ እዚያው ጠይቁ።

ክሪክ በገዛችሁበት ቀን ስታንድም ግዙ፣ ገንዘቡ ካልበቃ ክሪኩን አንድ ወር አዘግዩት። ክሪክ የሚያነሳ ዕቃ ነው፤ የሚይዘው ስታንድ ነው። ከስታንዶቹ ደግሞ እኔ ወፍራም ፒን ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍበትን እመርጣለሁ። በጥርስ የሚይዘው ለአሠራር ምቹ ነው፤ ግን የሚተማመነው በጥርሱ ልክና በብረቱ ጥራት ነው። በፈረንጆቹ 2020 አሜሪካ ውስጥ ጥርሳቸው ሊለቅ ይችላል ተብሎ እጅግ ብዙ ባለ ጥርስ ስታንዶች ከገበያ ተሰብስበዋል። ሰፈራችሁ ያለ በያጅ ሊሠራላችሁ ይችላል፣ ጎበዝ ከሆነ ችግር የለውም፤ እግሩን ሰፊ፣ ፒኑን ሙሉ ብረት አድርግልኝ በሉት፤ የቧንቧ ቁራጭ ለፒን አይሆንም።

ስታነሱ

አነሳሱን ሁሉም የሚያውቀው ይመስለዋል፣ ስለዚህ የሚዘለሉትን ብቻ ልናገር። የጎማውን ዳዶዎች መኪናው መሬት ላይ እያለ በግማሽ ዙር አላሉ። ከተነሳ በኋላ ዳዶ ለማላላት የሚታገል ሰው መኪናውን ከክሪኩ ላይ እየገፋው ነው። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው፤ ስለዚህ ኋላውን ስታነሱ የእጅ ፍሬኑ አየር ላይ ነው ማለት ነው። የፊት ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ፣ ማርሽ አስገቡ። ፊቱን ስታነሱ ደግሞ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፤ ታኮው የኋላ ጎማዎች ጋ ይሁን። አውቶማቲክ መኪና ፊት ጎማ ነጂ ከሆነ ፓርክ ላይ ማድረግ ፊቱ ሲነሳ ምንም አይዝላችሁም።

ሳህኑ የሚያርፍበትን ቦታ ተንበርክካችሁ በዓይናችሁ እዩት። የጃፓን መኪኖች ከበሩ ሥር ባለው የተገጠመ ጠርዝ ላይ ሁለት ትንንሽ ቁርጥ ምልክት አላቸው፤ ሳህኑ በሁለቱ መሃል ነው የሚያርፈው። ጠርዙ ቀጭን ስለሆነ ላስቲኩ መሃል ላይ ቦይ ቢኖረው ጥሩ ነው፤ ያለዚያ ጠርዙ ይታጠፋል፣ የታጠፈ ጠርዝ ደግሞ ቀለሙ ተሰንጥቆ ከዚያ ዝገት ይጀምራል። ፊቱን ከመሃል የምታነሱ ከሆነ ወፍራሙን መስቀለኛ ብረት ፈልጉ። ከሱ ጎን ያለው፣ ዘይት ማፍሰሻ ብሎን ያለበት ቀጭን ቆርቆሮ የሞተሩ ኮፓ ነው፤ እሱ ላይ ያረፈ ክሪክ ኮፓውን አጎብጦ ዘይት መሳቢያውን ሊዘጋው ይችላል። የመኪናው መጽሐፍ በጃፓንኛ ቢሆንም ሥዕሉ ይገባችኋል።

ጥቂት ሳንቲም አንሱና ቁሙ። ዙሩ። ሳህኑ እንዳለ ነው? ክሪኩ እየተንከባለለ ነው? ከዚያ ቀጥሉ። ስታንዱን አስገብታችሁ መኪናውን ቀስ ብላችሁ አውርዱበት፤ ሙሉ ክብደቱ ስታንዱ ላይ ይረፍ። ከዚያ ጎኑን ይዛችሁ ገፋ ገፋ አድርጉት። የሚወድቅ ከሆነ አሁን፣ እናንተ ውጭ ቆማችሁ ይውደቅ። የፈታችሁትን ጎማ ደግሞ ከጎኑ ሥር አስተኙት፤ ቦታ አይፈጅም፣ ነገሩ ቢበላሽ ግን በመኪናውና በመሬቱ መሃል ክፍተት ያተርፋል። ስታወርዱ ዘንጉን ወደ ግራ በትንሹ፣ በጣም በትንሹ አዙሩ። በአንዴ የተከፈተ ቫልቭ መኪናውን ይጥለዋል።

ዘይቱና አየሩ

የቤት ክሪክ የሚሞተው በሥራ ብዛት ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ጥግ ተቀምጦ ነው። ስታስቀምጡት ክንዱ ጨርሶ የወረደ ይሁን፤ ያን ጊዜ የሚያብረቀርቀው ዘንግ ዘይቱ ውስጥ ተደብቆ ከዝገት ይተርፋል፣ መመለሻ ሞላውም ያርፋል። ክረምት በረንዳ ላይ አትተዉት። ጎማዎቹን፣ የክንዱን መታጠፊያና ዘንጉ የሚሰካበትን ቦታ በዓመት ሁለቴ ግሪስ አስነኩ፤ ግሪስ መስጫ ቀዳዳ ካለው ጎሚስታው ጋ ወስዳችሁ በፓምፕ አስገቡለት። ከግሪሱ በፊት አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። አሸዋ የተቀላቀለ ግሪስ ብረት ይፍቃል።

ዘይቱን ለማየት ክሪኩን ደልዳላ ቦታ ላይ አድርጋችሁ ጨርሶ አውርዱት። መሃሉ ላይ ያለችውን ሽፋን ፈትታችሁ ሲሊንደሩ ላይ የላስቲክ ቡሽ ታገኛላችሁ። ከመክፈታችሁ በፊት ዙሪያውን በጨርቅ አጽዱ፣ ይህን አትርሱ። ቡሹን በቀጭን ካቻቢቴ ከጠርዙ ቀስ አድርጋችሁ አንሱ፤ አትውጉት። ዘይቱ ከቀዳዳው አፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ መታየት አለበት። ንጹሕ ከሆነ ያሳልፋል፤ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ ከጠቆረ ላስቲኩ እየተበላ ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ አንዱን ካያችሁ ገልብጣችሁ አፍስሱት፣ አዲስ ሙሉ።

ምን ዘይት? «ሃይድሮሊክ» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ ሻጩ ለሎደር የሚሆነውን 68 ቁጥር ይሰጣችኋል። እሱ ወፍራም ነው፤ የጠዋት ብርድ ላይ ክሪኩ ሲወርድ እንቅልፍ ያስይዛል። 32 ቁጥር በሉ፣ 22 ከተገኘ እሱም ይሆናል። አንድ ሊትር ለቤት ክሪክ ለዓመታት ይበቃል። የሞተር ዘይት የሚጨምሩ አሉ፤ ወፍራም ነው፣ አረፋም ያበዛል። የፍሬን ዘይት ግን በፍጹም። ፈሳሹ ሌላ ዓይነት ነው፤ የክሪኩን ላስቲኮች አሳብጦ ያበላሻቸዋል፣ አንዴ ከገባ በኋላ አጥቦ ማዳን ከባድ ነው። አጣዳፊ ከሆነባችሁ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ለጊዜው ያሠራል።

አየር ማስወጣት ቀላል ነው፣ ሰው ግን ስለማያውቀው ደህና ክሪክ ይጥላል። ቫልቩን ወደ ግራ አንድ ዙር ክፈቱ። ክንዱ ታች እንዳለ ዘንጉን ከላይ እስከ ታች በፍጥነት 10፣ 15 ጊዜ ፓምፕ አድርጉ። ቫልቩን ዝጉ፣ ባዶውን እስከ ላይ አንሱት፣ መልሳችሁ አውርዱት፣ ቡሹን ከፈት አድርጋችሁ የተጠራቀመው አየር ይውጣ። ዘይቱ ዝቅ ካለ ሙሉ። ዘንጉ ጠንከር እስኪል ድገሙት። ከአፉ በላይ አትሙሉ፤ ክንዱ ሲወርድ የሚመለሰው ዘይት ቦታ ሲያጣ በቡሹ በኩል ይወጣል።

ችግሩን ከምልክቱ መለየት ይቻላል። ጥሩ ያነሳና ከተወሰነ ከፍታ በላይ እምቢ ካለ ዘይት ጎድሎታል። ዘንጉ ላላ ካለ አየር ነው። አንስቶ ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ መጀመሪያ መልቀቂያ ቫልቩን ጠርጥሩ፤ ኳሷ ላይ ቆሻሻ ተቀምጦ ይሆናል። ባዶውን አንስታችሁ ቫልቩን በደንብ ከፍታችሁ አውርዱት፣ ሁለት ሦስቴ ድገሙት፤ ብዙ ጊዜ ዘይቱ ራሱ ቆሻሻውን አጥቦ ይወስደዋል። ካልሆነ ቫልቩን መፍታት ነው፤ ከሥሩ ያለችው ኳስ ዘላ እንዳትጠፋ ከታች ነጭ ጨርቅ ዘርጉ። ቫልቩን በጉልበት በማጥበቅ መውረዱን አቆማለሁ የሚል አለ፤ የሚያደርገው የኳሷን መቀመጫ መፍጨት ነው። ከውጭ ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ደረቅ አድርጋችሁ ጥረጉና አንዴ አንስታችሁ ከየት እንደጀመረ እዩ፤ ከቡሹ ከሆነ አብዝታችኋል፣ ከትልቁ ወይም ከቀጭኗ ፒስተን ዙሪያ ከሆነ ላስቲክ ነው። የድሮውን ላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ፣ በመጠኑ ይፈልጉላችኋል።

ሲሊንደሩ ላይ ሌላም ብሎን ታያላችሁ፤ አንዳንዴ በቀለም ወይም በሰም የታሸገ ነው። ክሪኩ ከአቅሙ በላይ እንዳያነሳ ፋብሪካው ያስተካከለው ቫልቭ ነው። «ጉልበት እንዲጨምር» ብሎ ያጠበቀው ጎበዝ ካጋጠማችሁ ክሪኩን ከሱ አትዋሱ።

ክንዱ የጎበጠ፣ ብየዳው የተሰነጠቀ ወይም የሚያብረቀርቀው ዘንግ የተቦረቦረ ክሪክ ግን አይጠገንም። ክንድ አስበይዶ መጠቀም ይቅር። ዘይቱን በጄሪካን አፍስሳችሁ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ፣ የጎርፍ መውረጃ ውስጥ አትድፉት። ቁራሌው ሲመጣ ክሪኩን ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ክንዱን በግራይንደር ሁለት ቦታ ቁረጡት፤ ሙሉውን ከሰጣችሁት ቀለም ተቀብቶ መልሶ ገበያ ላይ ይወጣል።